ሰማይ ሲሠራላቸው የሚውሉት ሰው

አዲስ ሃይማኖት የገባ ሰውና ጣራው ላይ ሶላር ያስተከለ ሰው አንድ ናቸው። ሁለቱም ቀና ብለው ሰማይ ሳያዩ አያወሩም፤ ሁለቱም እስከ ትናንት ድረስ በምን ዓይነት ጨለማ ይኖሩ እንደነበር ይተርካሉ፤ ሁለቱም እርስዎን ሳያድኑ ከደጅዎ ንቅንቅ አይሉም። ልዩነታቸው ሰባኪው ቢያንስ እሑድን መምረጡ ነው።

ድሮ እያንዳንዱ መንደር የካራኦኬ ማሽን የገዛ አንድ ሰው ነበረው፤ ጎረቤት ሁሉ በእሱ ድምፅ ይቀጣ ነበር። ዛሬ የዚያን ሰው ወንበር የሶላሩ ሰው ወርሶታል። እሱን ሸሽተው ሌላ ደሴት ቢሻገሩ እንኳ ቀድሞዎት ደርሶ፣ መሰላል ተደግፎ ይጠብቅዎታል።

ለእኛ ለሳንታ ኢኔስ መንደር ሰዎች የደረሰን ግን ከሁሉም የላቀው ነው፤ ክቡር ኖንግ ቴዎዱልፎ ማላጋ፣ ባጭሩ ኖንግ ዱልፎ። ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ፣ የናንግ ፔርላ ባል፣ የመንደራችን የፀሐይ ሚኒስትር። የሾማቸው የለም፤ ራሳቸውን በራሳቸው ሾሙ። ቤታቸውና ቤታችን በአንድ ግንብ ስለሚዋሰን አዋጃቸውን ሁሉ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት ደፍኜ፣ ፀጉሬ ከግንባሬ ሸሽቶ እንኳ ለእሳቸው ገና "ቶቶ" ነኝ፤ እኛ ዘንድ ልጅና ታናሽ ወንድም እንዲያ ነው የሚጠራው፤ ታላቅ ወንድ "ኖንግ"፣ ታላቅ ሴት ደግሞ "ናንግ" ይባላሉ።

ኖንግ ዱልፎ ጉልበታቸውን የጨረሱት በመርከብ ሆድ ውስጥ ከሞተር ጋር ሲጨቃጨቁ ነው። ዓለምን ዞረዋታል፤ አላዩዋትም። ሌላው መርከበኛ ስለ ወደብና ስለ ውቅያኖስ ሲያወራ እሳቸው የሚያስታውሱት የዘይት ሽታ ብቻ ነው። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይን እንደ አዲስ አዩዋት፤ ወደዷትም። ዘግይቶ የመጣ ፍቅር ልክ የለውም። ወጣት ሴት ይዞ እንደ ጠፋ ሽማግሌ አንድ ቀን ጣራ ላይ ወጥተው አገኘናቸው።

የሶላር ሰሌዳዎቹ የተተከሉ ዕለት ቄሱ መጥተው ባረኩ። ቄሱ ጸበል ሲረጩ ኖንግ ዱልፎ ከኋላ ከኋላ በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ጠብታው ሲደርቅ እድፍ ይተዋል ብለው። ቄሱ ዞር ብለው አዩዋቸውና፣ "ቴዎዱልፎ፣ በረከቱን እኮ ጠረግከው" አሏቸው።

"በረከቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አባ። እኔ የጠረግኩት ውሃውን ነው" ሲሉ መለሱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስልካቸው ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። ሰሌዳዎቹ በዚያች ደቂቃ ስንት ኃይል እንደሚያመነጩ እዚያ ላይ ይታያል። ቅዳሴ ላይ ደመና ሲያልፍ ኖንግ ዱልፎ ከልባቸው ይቃትታሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት ባልቴቶች ንስሐ የገቡ ይመስላቸዋል። የዓሣ ነጋዴውን የኖንግ ኢልዴፎንሶን ቀብር አልረሳውም። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ሳለ እሳቸው ሽቅብ አይተው፣ "ምስኪን፤ ምን ያለ ፀሐይ አመለጠችው" አሉ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ በግንቡ ላይ ብቅ ብለው፣ "ቶቶ፣ ሰማዩ ሥራ ገብቷል" ይሉኛል። ደመናው ሲያጉረመርምም፣ "ዛሬ ሰማዩ ፈቃድ ጠይቋል" ይላሉ፤ ፊታቸውም አብሮ ይጠቁራል።

ከሁሉም የተጎዱት ናንግ ፔርላ ናቸው። ልብስ ማጠብ፣ ሩዝ መቀቀል፣ መተኮስ፣ ሁሉም ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሆነ። እራት በቀትር ይበስላል፤ ሲመሽ ቀዝቅዞ ይቀርባል። ናንግ ፔርላ ካውያ እንደያዙ ደመና ከመጣ ባልየው ከጣራ ላይ፣ "ያዝ አድርጊው" ብለው ያዛሉ። በዚህ ምክንያት ኖንግ ዱልፎ አንድ እጅጌው ብቻ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ሠርግ ላይ ታይተዋል።

"መርከብ ላይ ሳለ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ይናፍቀኝ ነበር" ብለው ናንግ ፔርላ ለእናቴ ነገሯት።

እናቴ ቶማሳ ሰማንያ ዓመቷን አልፋለች። ሳንባዋ ደክሟል፤ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራ፣ ሻንጣ የሚያህል ማሽን አጠገቧ ሲያጓራ ይውላል፤ ከእሱ የወጣች ቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ታርፋለች። ሳንባዋ ይድከም እንጂ ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ከሰዓት በኋላ በረንዳችን ላይ ትቀመጣለች፤ ኖንግ ዱልፎም ግንቡን ተደግፈው ዓለምን ያመጡላታል። የቀድሞ የመርከብ ጓደኞቻቸው ከየወደቡ ፎቶ ይልኩላቸዋልና ወሬ አያልቅባቸውም።

"ናንግ ቶማሳ፣ ቻይናዎች በረሃውን ሙሉ ሰሌዳ አልብሰውታል። ዓይን የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ ባሕር ነው የሚመስልዎ።"

"ማታስ?" ትላለች እናቴ።

"ጀርመን አገር ደግሞ የራሱ ጣራ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሰሌዳውን በረንዳው ላይ እንደ ልብስ ያሰጣዋል።"

"ጎሽ። ማታስ?"

"ፓኪስታን ገበሬው ናፍጣ ትቶ የጉድጓዱን ውሃ በፀሐይ ነው የሚስበው። አውስትራሊያማ በቀትር ኃይሉ በዝቶባቸው የሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። በየዓመቱ የሚተከለው ካለፈው ይበልጣል፤ ዓለም ሁሉ ወደዚሁ ነው የሚሄደው።"

"ይሂድ። ማታስ?"

"ማታማ ሰው ይተኛል እንጂ ምን ያደርጋል፣ ናንግ።"

"እኔ ማታም እተነፍሳለሁ፣ ዱልፎ።"

ኖንግ ዱልፎ በዚህ ጊዜ ስለ ሌላ ጉዳይ ያነሳሉ፤ ስለ ማንጎው።

ማንጎው አባቴ በወጣትነቱ የተከለው ነው። ቅርንጫፎቹ ግንቡን ተሻግረው፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ጥላቸው ከሰሌዳዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ያርፋል። ለሌላው ሰው ይህ ጥላ ነው፤ ለኖንግ ዱልፎ ዘረፋ ነበር።

"አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ፣ ናንግ። ጫፏን። ዛፉም ይታደሳል።"

"ዛፌን ልታድስ ነው አንተ?"

"ለእርስዎም ፍሬ ይጨምራል።"

"ዱልፎ፣ ፀሐይዋ ስንት ዘመን ያላንተ ኖራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትረፍ፤ እሷም አሮጊት ናት።"

በየሳምንቱ ይለምናሉ፤ በየሳምንቱ ይከለከላሉ። በመጨረሻ እናቴ የማንጎ ጭማቂ በብርጭቆ ትልክላቸዋለች፤ እሳቸውም ጠላታቸውን በበረዶ ይጠጡታል።

እንዲህም ሆኖ ስብከቱ ፍሬ አፈራ። መብራቱ ቶሎ ቶሎ መሄዱ፣ የሚከፈለውም አለቅጥ መናሩ ከኖንግ ዱልፎ ምላስ ጋር ተባብሮ የመንደሩን ልብ አለሰለሰ። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪው አስተከለ፤ ቀጥሎ አስተማሪዋ፤ ከዚያ የአስተማሪዋ ባላንጣ። ሌላው ሁሉ ተከትሎ ገባ። የቀረነው እኛ ነን፤ ጣራችን አርጅቷል፣ ማንጎውም አለ፣ እናቴም አለች። ኖንግ ዱልፎ ማታ ማታ በመንገዱ ወዲህና ወዲያ እየተንጎራደዱ ጣራዎቹን እንደ ጳጳስ ይጎበኙ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ከዳነ በኋላ አንድ ጠራራ እሑድ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ ጣራው ሁሉ ያመርታል፣ ሰዉ ግን ቤተ ክርስቲያን ስለሄደ የሚጠቀም የለም። የመንደሩ ቀጭን ሽቦ ከየቤቱ የተረፈውን ሁሉ መሸከም አቃተው፤ መስመሩ ሞላ፤ የፀሐዩን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው የየቤቱ ማሽን፣ ኢንቨርተሩ፣ ራሱን ለማዳን ተራ በተራ ጠፋ። በዓመቱ ምርጥ ፀሐይ መሀል የኖንግ ዱልፎ ስልክ ዜሮ አሳየ።

ቅዳሴውን አቋርጠው ወጡ። ስመለስ ያገኘኋቸው ቤት ለቤት ሲለምኑ ነው።

"ካውያ አብሩ" ይላሉ፣ እያላባቸው። "ማራገቢያ አብሩ። ሩዝ የላችሁም? ቀቅሉ። ያልታጠበ ልብስ አምጡ፤ የታጠበም ይሁን፣ ድገሙት።"

ያን ሁሉ ዘመን "አታባክኑ" ሲባል የኖረ ሰው ግራ ተጋባ። አስተማሪዋ፣ "ኖንግ፣ ትናንት ቆጥቡ አሉን፤ ዛሬ ጨርሱ ይሉናል። የቱን እንስማ?" አለቻቸው።

"እንደ ሰዓቱ ነው" አሉ ኖንግ ዱልፎ በቁም ነገር። "ፀሐይ ለሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ትመጣለች፤ ችግሩ እሱ ነው።"

እናቴ ይህን ሁሉ ከበረንዳዋ ታዘበች፤ ለጊዜው በሆዷ ያዘችው። እሷ የምታስቀምጠው ነገር ጠጅ ነው፤ እስኪበስል ትጠብቃለች።

የበሰለውም በመንደሩ የቅዱስ በዓል ቀን ነው። ኖንግ ዱልፎ ግቢያቸው ድንኳን ጥለው፣ የመንደሩን ሊቀመንበር፣ እኛ "ካፒታን" የምንለውን ሰው፣ ከነቤተሰቡ ጠርተዋል። በረዶው ቀዝቅዟል፣ አሳማው ተጠብሷል፣ ማራገቢያዎቹ ይሽከረከራሉ። ካፒታኑ ምግቡን እንደ ጎረሱ በቀትር መብራት ጠፋ። ማንም አልደነገጠም። እንዲያውም እንግዳው ሁሉ ፈገግ ብሎ ወደ ኖንግ ዱልፎ ዞረ፤ ይህን ቀን ነበር ሲያወሩልን የኖሩት።

ማራገቢያዎቹ ቀስ ብለው፣ ቀስ ብለው ቆሙ።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት። ሰሌዳዎቹ ያብረቀርቃሉ። ቤቱ ግን እንደ እኛ ቤት፣ እንደ ማንም ቤት ሞቷል። ኖንግ ዱልፎ ወደ ውስጥ ገብተው ከኢንቨርተሩ ጋር ሲታገሉ ቆዩና አመድ መስለው ወጡ። የመብራት መስመሩ ሲሞት የእሳቸውም ማሽን አብሮ እንዲሞት ነው የተሠራው፤ አለዚያ ከጣራ የሚወርደው ኃይል ሽቦ ሊጠግን የወጣውን ሠራተኛ ይገድለዋል። ያለ መስመሩ መቆም ከተፈለገ ባትሪ ያስፈልጋል። የሸጡላቸው ሰዎች ይህን ሳይነግሯቸው አልቀሩም፤ ሙሽራ ግን የሠርጉ ዕለት ስለ አማቱ ጠባይ የሚነገረውን መች ይሰማል።

ከግንቡ ማዶ በረንዳዋ ላይ፣ እናቴ ማሽኗ አብሮ ስለጠፋባት ለክፉ ቀን የምናስቀምጣትን የኦክስጅን ሲሊንደር አስመጥታ ቱቦዋን እያዛወረች ነበር። አዛውራ ስትጨርስ በረጅሙ ተነፈሰችና፣

"ዱልፎ፣ እስከ ዛሬ ስለ ማታው ነበር የጠየቅኩህ" አለች። "ቀንስ?"

ካፒታኑ ጎርሰው ስለነበር ሊታነቁ ደረሱ። ያ ቃል ከዚያ ወዲህ ከመንደሩ አፍ አልጠፋም። ኖንግ ዱልፎ በመንገድ ሲያልፉ የዳቦ ቤቱ ወረፋ፣ "ቀንስ?" ይባባል ነበር። እሳቸውም ለጥቂት ጊዜ በግንቡ ላይ ብቅ ማለት ተዉ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን ማለዳው ጭር አለብኝ፤ ግን ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከከተማ የመጣ መኪና ፍሪጅ የሚያህል ነጭ ሣጥን አወረደ። ኖንግ ዱልፎ ባትሪ ገዙ። ሰው ሁሉ ስብከት ጠበቀ፤ እሳቸው ግን ሣጥኑን እንደ ኮበለለች ልጅ በጓሮ በር አስገቡት። አንዴ ብቻ ናንግ ፔርላን፣ "ይህ ሣጥን በማን ላይ ነው የሚጮኸው?" ሲሉ ሰማኋቸው፤ የባላቸው ምላሽም፣ "በማንም ላይ አይደለም፤ ልሞክረው ብዬ ነው" የሚል ነበር።

አውሎ ነፋሱ የመጣው በኅዳር ወር ነው። ከመምጣቱ በፊት ኖንግ ዱልፎ ጣራ ላይ ወጥተው ሰሌዳዎቹን እንደ መርከብ ጭነት በገመድ ጠፈሯቸው። ዳቦ ጋጋሪው ከታች ሆኖ፣ "ኖንግ፣ መልሕቅስ አይጥሉም?" ብሎ ሳቀባቸው። ነፋሱ ሲያልፍ የዳቦ ጋጋሪው ሰሌዳዎች ከነቆርቆሮው የት እንደገቡ አልታወቀም። የአስተማሪዋም፣ የባላንጣዋም እንዲሁ። ከኖንግ ዱልፎ ጣራ የሄዱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ዳክዬ ኩሬ ውስጥ ተገኘ። ማንጎውም ቅጠሉ ተመናምኖ ቆሞ ተረፈ።

የመብራት ምሰሶዎቹ ግን ከእኛ ጀምሮ እስከ ከተማው ድረስ እንደ ክብሪት ተሰባብረዋል። መንገዱን ዛፍ ዘግቶታል። የደረሰን መልእክት ሁሉ የሚለን ታገሱ ነው። የእናቴ ማሽን ዝም ብሏል፤ እሷ በሲሊንደሩ ላይ ናት። የሲሊንደሩ መለኪያ መርፌ ወደ ታች ሲወርድ ቁጭ ብዬ አየው ነበር። ሌላ ሲሊንደር ያለው ከተማ ነው፤ ከተማ ደግሞ ከወደቀው ዛፍ ማዶ። እናቴ እያየችኝ እንደሆነ ሳውቅ ሌላ ነገር የማይ መሰልኩ።

"ምን አፈጠጥክበት፤ ሰዓት አይደለም" አለችኝ።

ያኔ በግንቡ ላይ ጭንቅላት ብቅ አለ። ጭቃ ለብሰዋል፤ ትከሻቸው ላይ የተጠመጠመ ረጅም ገመድ አለ። ገመድ ሳይሆን የመብራት ሽቦ ነበር።

"ቶቶ፣ ይህን ጫፍ ያዝ" አሉ።

ስለ ቻይና አላነሱም። ግንቡን ተሻገሩ፣ ማሽኑን ሰኩ፣ ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር ጎንበስ ብለው አዳመጡት፤ ሞተር ማዳመጥ ለምደዋልና። ከዚያ ቱቦዋን በእጃቸው ለእናቴ አቀበሏት። እኔ ለማመስገን አፌን ስከፍት እሳቸው ግንቡን ተሻግረው ሄደዋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ከነፋሱ በኋላ የመጣው ደመና ነው፤ ከባድ፣ ዝቅ ያለ፣ ቀን ከቀን የማይነሳ። ሰሌዳዎቹ ከዚያ ግራጫ ሰማይ የሚለቅሙት ፍርፋሪ ነው። የእናቴ ማሽን ደግሞ ቀንም ሌትም ይበላል። ለዓለም ሁሉ የሚተርፍ ፀሐይ አለ ሲሉን የኖሩት ሰው አሁን ንጹሕ ውሃ እንዳለቀበት መርከበኛ እያንዳንዷን ጠብታ ማካፈል ጀመሩ።

በመጀመሪያ የራሳቸውን ቤት አጨለሙ። አምፖሉን፣ ማራገቢያውን፣ ቴሌቪዥኑን። ቀጥሎ የናንግ ፔርላን ትልቁን ፍሪጅ ነቀሉ። ለገና የተቀመጠ አሳማና ዓሣ ሞልቶበታል። ናንግ ፔርላ ፍሪጁን አዩት፣ በግንቡ ላይ የሚሻገረውን ሽቦ አዩት፣ ከዚያ ትልቁን ብረት ድስት አነሱ። በወደቁት ዛፎች እንጨት መንገድ ዳር እሳት ተቀጣጠለ፤ ጣራ የሌለው ጎረቤት ሁሉ እየመጣ በላ። የገናን ሥጋ በኅዳር በላን። ለቅሶ የሌለበት ተዝካር ነው ወይስ ደስታ የሌለበት ሠርግ፣ ለመለየት ያስቸግር ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው ግን ሦስት ጊዜ ተሰልፏል።

ሰዉ ስልኩን ይዞ ይመጣል። ኖንግ ዱልፎ ሰማዩን አይተው፣ ወይ "ትንሽ ሰካ አድርግ" ወይ "ነገ" ይላሉ። ካፒታኑም መጡ፤ ለሕዝቡ ማስታወቂያ የሚነገርበት ድምፅ ማጉያቸው ደርቆባቸዋል።

"ዛሬ አይሆንም፣ ካፒታን።"

"ኖንግ፣ የመንግሥት ሥራ እኮ ነው።"

"ገብቶኛል። ግን እዚህ ሣጥን ውስጥ ያለው የናንግ ቶማሳ ትንፋሽ ነው። ከፈለጉ እሳቸውን ይለምኑ።"

ካፒታኑ በግንቡ ላይ አንገታቸውን አስግገው እናቴን አዩዋት። እናቴም አየቻቸው።

"ጎሮሮ አለህ አይደል" አለች። ካፒታኑ ማስታወቂያውን ቤት ለቤት እየዞሩ ተናገሩ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ኖንግ ዱልፎ በረንዳችን ላይ መጥተው ተቀመጡ። ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ነበር። ክፉ ወሬ እንዳለ ከዚያ አወቅኩ። ባትሪው እየተሟጠጠ ነው። ሰማዩ እንዲህ ከቀጠለ ሌሊቱን አይዘልቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ለጥቂት ሰዓት የሚበቃ ነው። ይህን ለእናቴ እንዴት እንደሚነግሯት ቸግሯቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያፋትጋሉ። እሷ ቀድማ ገባት።

"አትለማመጠኝ፤ ስንት ቀረው?"

ነገሯት። አላለሰለሱላትም። ማሽኑ ያጓራል። በዚያው ቅጽበት፣ ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደመናው ከምዕራብ በኩል ተሰነጠቀ። ብርሃኑ መንገዱ ላይ፣ ጭቃው ላይ፣ ግንቡ ላይ ወደቀ። ሰሌዳዎቹ ላይ ግን የወደቀው የማንጎው ጥላ ነው።

ኖንግ ዱልፎ ጥላውን አዩት። እኔም አየሁት።

"መጋዝ የለህም?" አለች እናቴ።

"ናንግ፣ የሟቹ ባልዎ ዛፍ ነው።"

"ስንት ዓመት ስትለምነኝ ኖረህ አሁን ታፍራለህ? እሱ ቢኖር ቀድሞህ ይወጣ ነበር። ውጣ፣ ፀሐይዋ አትጠብቅህም።"

ወጡ። መጋዙን እኔ አቀበልኳቸው። ከአንዲት ቅርንጫፍ በላይ አልቆረጡም፤ እሷንም ቀስ ብለው በገመድ አወረዷት እንጂ አልጣሏትም። ሲወርዱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ብናኝ ገብቶብኝ ነው አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ማንንም ሳያናግሩ ቁጥሩን አዩ። ፊታቸውን ሳየው በሕይወታቸው አንዴ ብቻ ለማንም ሳያሳዩ የደበቁት ቁጥር ያ ይመስለኛል። ሊመኩበት የማይገባ ነገር መስሏቸው ነው።

"ስንት ሠራ?" አለች እናቴ።

ያን ጥያቄ ከመንደሩ ሰው በፈቃዱ የጠየቃቸው ኖሮ አያውቅም። ኖንግ ዱልፎ ስልኩን ወደ እሷ አዞሩት። ያለ መነጽር ምንም አይታያትም፤ ቢሆንም አተኩራ አየችውና፣ "ጥሩ ነው" አለች።

ያን ሌሊት ዘለቅነው። በማግስቱም ደመናው ገለጥ አለ፤ በሚቀጥለውም። መንገዱ ተከፍቶ አዲስ ሲሊንደሮች መጡ። የመብራት ሠራተኞቹ ከመንደር መንደር ምሰሶ እየተከሉ ቀረቡ። ገና ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ የመንገዱ መብራት ብልጭ አለና በርቶ ቀረ። መብራት መጣ። መንደሩ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም ስልኩን ከኖንግ ዱልፎ ቤት እየነቀለ፣ እያመሰገነ፣ ወደ የቤቱ ሮጠ። እኔም የእናቴን ማሽን ከእሳቸው ሽቦ አውጥቼ ወደ ቤታችን ግድግዳ አዛወርኩት። ሽቦውን ጠቅልዬ በግንቡ ላይ መለስኩላቸው።

ስመልስላቸው ግቢያቸውን አየሁት። ያን ሁሉ ቀን እግር መጣያ ያልነበረበት ግቢ ባዶ ነው። ወንበሮቹ እንደተዟዟሩ ቀርተዋል። ናንግ ፔርላ ውስጥ ሆነው ፍሪጁን ይወለውላሉ። ኖንግ ዱልፎ የተጠቀለለውን ሽቦ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ድግሱ አልቆ እንግዳው የሄደበት ባለቤት ይመስላሉ። ሊናገሩ የፈለጉት ነገር ሁሉ ፊታቸው ላይ አለ፤ የሚሰማ ግን የለም።

በርጩማዬን ይዤ በበሩ ዞሬ ገባሁ።

"ምነው ቶቶ?" አሉ።

"የእኛ ቤት ገና አልመጣም፣ ኖንግ" አልኩ። "እስኪመጣ እዚህ ብቀመጥ ብዬ ነው።"

ከግንቡ በላይ የእኛ ሳሎን አምፖል ወለል ብሎ ይታያል። የእናቴ ተከታታይ ድራማ ጀምሮ አንዲት ሴት ባሏን እየተራገመች ታለቅሳለች። ኖንግ ዱልፎ አምፖሉን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

"አንዳንዴ ይዘገያል" አሉና ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ታዲያ ቁጭ በል። ሕንድ አገር ምን እያደረጉ እንደሆነ ነግሬሃለሁ? በመስኖ ቦዩ ላይ ነው የሚተክሉት፤ ከላይ መብራት፣ ከታች ውሃ…"

"ቶቶ" የሚል ድምፅ በግንቡ ላይ መጣ። እናቴ ናት። "መብራቱ ከመጣ ቆየ እኮ፤ እራት ቀርቧል፣ የት ሄድክ?"

ኖንግ ዱልፎ ንግግራቸውን ገታ አደረጉ።

"ናንግ ቶማሳ ምን አሉ?"

"አልሰማሁም" አልኩ።

"እኔም አልሰማሁም" አሉና ቀጠሉ።